ዓሣ ገንዳው ውስጥ የከተትኩት ቅጠል

ያን ጠዋት ጭሮ በሚገኘው ጁስ ቤት የነበርነው ሦስት ሰዎች ነን፤ ባለቤቱ ኦቦ ሙሜ፣ ቤቱን የምታጸዳውና ዓሦቹን የምትመግበው ጥሩነሽ፣ እና ገንዳውን የምከታተለው እኔ። የሆነው ባለፈው ክረምት ነው። ከዚያ ወዲህ በዚያ ደጅ ሳልፍ አንገቴን እደፋለሁ።

የመስታወት ገንዳው ውስጥ ስድስት ወርቃማ ዓሦች ነበሩ። እኔ ከምንጭ ዳር ባመጣሁት ተክል ላይ ተጣብቀው የገቡ ጥቃቅን ቀንድ አውጣዎች በሁለት ወር ውስጥ መስታወቱን ሸፈኑት።

"እነዚህ ተከራይ ናቸው ወይስ ባለቤት?" አሉኝ ኦቦ ሙሜ እየሳቁ።

የዓሣ አያያዝ የተማርኩት ከስልኬ ነው። የውኃውን ሙቀት እንኳ በየቀኑ በደብተር እጽፍ ስለነበር ነገሩን ለእኔ ተዉልኝ።

ያየሁት ዘዴ ቀላል ነው። የሰላጣ ቅጠል ውኃው ውስጥ ይቀመጣል፣ ቀንድ አውጣዎቹ ሊበሉት ይሰበሰባሉ፣ በማግስቱ ከነቅጠሉ ይወጣሉ። ልሞክረው በተነሳሁበት ዕለት ከሰዓት ሰላጣ አጣሁ። ኦቦ ሙሜ ጠረጴዛ ላይ ግን አንድ ዙርባ ጫት ነበር። ሰው ሳያጥበው የሚቅመው ቅጠል ዓሣን ምን ያደርገዋል ብዬ አንድ እፍኝ ያህል በክር አስሬ ከተትኩ። የጫት ማሳ ላይ የተባይ መድኃኒት እንደሚረጭ አውቃለሁ። ያኔ ግን አላሰብኩትም።

በማግስቱ ጠዋት ስገባ ቀንድ አውጣዎቹ ረግፈዋል። ስድስቱም ዓሦች ሆዳቸውን ወደ ላይ ሰጥተው ተንሳፍፈዋል። ጥሩነሽ ወለሉን ትወለውል ነበር። ጀርባዋን የሰጠችኝ መስሎኝ ቅጠሉን አውጥቼ ጃኬቴ ኪስ ውስጥ ከተትኩት።

ኦቦ ሙሜ ሲገቡ መጀመሪያ ያዩት እጇ ላይ ያለውን በረኪና ነው።

"ጥሩነሽ፣ መስታወቱን በዚህ ነው የጠረግሽው?"

"ኧረ በማርያም፣ አልነካሁትም።"

ወደ እኔ ዞሩ። "አንተ ታውቃለህ። በረኪና ዓሣ ይገድላል?"

"ይገድላል" አልኩ። ውሸት አልነበረም።

በዚያው ቀን አሰናበቷት።

አራት ቀን ቆይቼ ሄጄ ነገርኳቸው። "ከዚያው ዙርባ እኔም ቅሜያለሁ እኮ" አሉ። ከዚያ ስልካቸውን አቀበሉኝ። "ደውልላት። አንተው ንገራት።"

ነገርኳት።

"ስታወጣው በበሩ መስታወት አይቼሃለሁ" አለችኝ።

ለምን ያኔውኑ እንዳልተናገረች ጠየቅኳት።

"አንተ ትናገራለህ ብዬ ነዋ፣ ወንድሜ። ስጠብቅህ ነበር።"

አሁን ወደ ሥራዋ ተመልሳለች፤ ሰላምም ትለኛለች። እኔን ግን ያቺ "ይገድላል" ያልኳት ቃል ዛሬም ታሳፍረኛለች። ኦቦ ሙሜ፣ ጥሩነሽ፣ ይህን ካነበባችሁት፣ ለራሴ አዳልቼ የዘለልኩት ነገር ካለ እናንተ ጨምሩበት።