ቀድሜ የደወልኩ ዕለት

ይህ ነገር እስከዚህ ሳምንት ድረስ ከአፌ ወጥቶ አያውቅም። ሚስቴ አታውቀውም። ሥራውን የሰጡኝም አያውቁትም፤ ይህን ሲያነቡ ያውቁታል። ሙስሊም ነኝና ነፍስ አባት የለኝም። ጎረቤቴ ጋሽ ታደሰ ጉዱን ለቄሱ አራግፎ ቀለል ብሎት ሲመለስ ባየሁት ቁጥር እቀናበታለሁ። ስለዚህ አንባቢዬ፣ ለዛሬ አንተ ስማኝ። አደራህን፣ ቶሎ አትዘንልኝ።

እኔ በአሰላና በዙሪያዋ ስሜ የታወቀ የእንስሳት ሐኪም ነኝ። ይህን ስል አላፍርም። ከጮሌ እስከ አርቦዬ ላሙ ምጥ የጠናባት ገበሬ የሚደውለው ለእኔ ነው። ፈረስ ገና ከበር ሲገባ አረማመዱን አይቼ የቱ ጋ እንደሚያመው እናገራለሁ። አንድ ነጻ ድርጅት የዱር እንስሳት ማቆያዎችን እንድገመግምለት የመረጠኝም ለዚሁ ዓይኔ ብሎ ነው። ውሃው፣ መኖው፣ መጠለያው፣ ከሁሉ በላይ ደግሞ እንስሳው እንደ ተፈጥሮው መኖር መቻሉ ይታያል። ማቆያው ካለፈ ምስክር ወረቀት ያገኛል፤ ጎብኚውም ተማሪ ቤቱም ያንን አምኖ ይመጣል። ነጻ የተባልነው የመንግሥትም የባለቤቱም ወገን ስላልሆንን ነው። ከሕጎቹ ሁሉ የሚከብደው አንዱ ብቻ ነው፤ ሳይናገሩ መሄድ። አስቀድሞ ከተነገረ የሚታየው እንስሳው ሳይሆን ዝግጅቱ ነውና።

እኔ ደወልኩ።

የደወልኩት ለአንድ ማቆያ ባለቤት ለሐጂ ቡሽራ ነው። አባቴ የሞተ ጊዜ ከቀብሩ እስከ ሰደቃው ከጎናችን ያልተለዩ ሰው ናቸው። ዕድሜያቸውን ሙሉ በጭላሎ ግርጌ ገብስ ሲያርሱ ኖረው በስተርጅና አውሬ ወደዱ። ቆስሎ የተገኘ ጅብ፣ እናቷ የሞተችባት ሚዳቋ እየሰበሰቡ፣ ፈቃድ አውጥተው ግቢያቸውን ማቆያ አደረጉት። እንዲህ ያለ ሽማግሌ ቤት ለእንግድነት ቢሆን ሳይጠሩም ይኬዳል። ለፍተሻ ግን በድንገት ገብቶ ጓዳ ጎድጓዳውን መበርበር በእኛ አገር ነውር ነው። በዋዜማው ስልኬን አነሳሁና፣ «ሐጂ፣ ነገ ለሥራ ብቅ እላለሁ» አልኳቸው። «መርሐባ፣ ልጄ» አሉኝ። አከበርኳቸው ብዬ እፎይ ብዬ ተኛሁ።

በግቢው ውስጥ አንዲት ጭላዳ ነበረች። ጭላዳ፣ ያ ደረቱ ቀይ የገደል ዝንጀሮ፣ ያለ መንጋ መኖር አይሆንለትም፤ ቀኑን እርስ በርሱ ጠጉር ሲፈታተሽ ነው የሚውለው። ይህቺ ግን በጮሌ በኩል ካለው ገደል ሕፃን ሳለች ተገኝታ ብቻዋን አደገች። ለአረፋ በዓል ልጆቼን ይዤ የሄድኩ ጊዜ በሽቦው መሐል እጇን አሾልካ የሹራቤን እጅጌ ክር በክር ስትለቅም ቆየች። የግራ ክንዷ ጠጉር አልነበረውም። የሚፈትሻት ስላጣች የራሷን ትነጭ ነበር። ያን ጊዜም አይቼ ዝም አልኩ፤ በዓል ነው ብዬ።

በተባለው ቀን ስደርስ ግቢው ሙሽራ የሚጠብቅ መስሏል። ሁሉም ተጠርጓል፣ ገንዳው ሁሉ በንጹሕ ውሃ ተሞልቷል። የጭላዳዋ ሽቦ ቤት ግን ባዶ ነው፤ ወለሉ ታጥቦ ገና አልደረቀም። ሐጂ ወደዚያ አላዩም። እኔም አላየሁም። ሆድ ሲያውቅ ዶሮ ማታ! ብቻዋን የምትኖር ጭላዳ ያለችበት ማቆያ ግምገማውን እንደማያልፍ እሳቸው ያውቃሉ፣ እኔም አውቃለሁ።

«ኮቱ፣ ታኢ» አሉኝ፤ ና ተቀመጥ። በረንዳው ላይ ጩኮ ቀረበልኝ፣ የተቆላ የገብስ ዱቄት በቅቤ ታሽቶ፣ ለክቡር እንግዳ እንደሚደረገው። ከበረንዳው አጠገብ የገብሱ መጋዘን ነው። ገና መጉረስ ስጀምር ከመጋዘኑ በር ወዲያ ቧጨራ ሰማሁ። ቆም አለ፣ ደግሞ ቀጠለ። አይጥ እንዲያ አይቧጭርም። ወዲያው ከበሩ ስር ነጭ ሽንኩርት ነጭ ሽንኩርት የሚል ሽታ መጣ። እህል የሚያከማች ሁሉ ያውቀዋል፣ የነቀዝ መድኃኒት ነው። በተዘጋ ቤት ያ ትነት ሳንባን ምን እንደሚያደርግ ለገበሬው የማስተምረው እኮ እኔ ነኝ!

በሩ ከእጄ ሩቅ አልነበረም። ብነሳ ማን ይከለክለኝ ነበር? ምንስ ፈራሁ? ሐጂን ከማሳፍር እሷ ትታፈን አልኩ? እንዲያ እንኳ አላልኩም። ጩኮውን በላሁ። ጣፍጦኝ በላሁ፣ ሲጨመርልኝም አልተግደረደርኩም። ቧጨራው እየደከመ ሲሄድ ጮክ ብዬ ስለ ዘንድሮ ዝናብ አወራሁ። አልቻልኩም አልልህም። በሩን አልከፈትኩም፤ እኔ፣ በገዛ እጄ፣ አልከፈትኩም።

ከዚያም ፈረምኩ። የጻፍኩት ሁሉ እውነት ነበር፤ የጅቡ ቁስል ድኗል፣ ሚዳቋዋ ደህና ናት። ስለ ባዶው ሽቦ ቤት ግን አንዲት ቃል አልጻፍኩም።

በማግስቱ ጠዋት ሐጂ ደወሉ። «ጭላዳዋ ታማብኛለች፣ ድረስልኝ» አሉ። ስደርስ ሞታለች። ወደ ሽቦ ቤቷ መልሰው የገዛ ጋቢያቸውን አልብሰዋታል። ገልጬ አየሁ። በጥፍሮቿ መሐል የበር እንጨት ስንጣሪ ነበረ። ሐጂ ዓይን ዓይኔን እያዩ፣ «ምን አገኛት?» አሉኝ።

«ብርድ ነው» አልኩ።

ገደል ላይ በውርጭ የሚያድር ፍጥረት ብርድ ገደለው አልኩ! ሐጂም የሐኪም ቃል ነውና አመኑኝ። ምስክር ወረቀቱ መጣ፣ በበሩ አጠገብ ተሰቀለ፣ ተማሪዎች በአውቶቡስ መጉረፍ ጀመሩ። እኔም ሌላ ማቆያ ስገመግም ሳልናገር እየሄድኩ፣ ጥብቅ ሰው ነው ተባልኩ። ጥብቅ!

በዚህ ሳምንት ሐጂ ሌላ የጭላዳ ግልገል ከጮሌ ሊያስመጡ መሆኑን ሰማሁ። «የፊተኛዋን የገደላት ብርድ ነው፤ ማን ይከለክለኛል፣ ዶክተሩ ራሱ መስክሮልኝ» ብለዋል አሉ። መጋዘኑም እዚያው ነው፣ መድኃኒቱም እዚያው። ጅብ ከሄደ ውሻ ጮኸ ትለኝ ይሆናል፤ ልክ ነህ። ግን ሁለተኛዋ ገና አልሞተችም።

ሳልደውል ሄድኩ። ተቀመጥ ቢሉኝም አልተቀመጥኩም። ቧጨራውን መስማቴን፣ ሽታውን መለየቴን፣ ብርድ ያልኩት ውሸት መሆኑን እንደቆምኩ ነገርኳቸው። ሐጂ መቁጠሪያቸውን፣ ሙስበሃውን፣ ከእጃቸው አስቀመጡ።

«ሠራተኞቼ የመጋዘኑ ሽታ ወጥቷል ብለውኝ ነው ያስገባኋት» አሉ ቀስ ብለው። «ለምን እንደደበቅኳት ግን ታውቃለህ?»

«ግምገማውን እንዳይወድቁ ነዋ፣ ሐጂ።»

«ወላሂ አይደለም። እኔ እኮ መምጣትህን ስጠብቅ ነበር። ይቺ ፍጥረት ብቻዋን ሆና ራሷን ልትጨርስ ነው፣ መላ በለኝ ልልህ ነበር። አንተ ግን ቀድመህ ደወልክ። ልጁ ክፉ ነገር ማየት አልፈለገም፣ ሰብስቡልኝ ማለቱ ነው አልኩ። አንተን እንዳላሳፍር ነው የደበቅኳት።»

መሬት ተከፍታ ብትውጠኝ በወደድኩ። አክብሮት ያልኩት ስልክ ደብቁልኝ የሚል ትእዛዝ ሆኖ ነው የደረሳቸው። ተሳሳቱ ልበል? አልተሳሳቱም። በልቤ ያለውን ከእኔ በፊት ያነበቡት እሳቸው ናቸው።

እዚያው ቆሜ ሳለሁ ወደ ጮሌ ደወሉና፣ «ግልገሏን ከመንጋዋ እንዳትለዩብኝ» አሉ። ከዚያ በዝግታ ወደ በሩ ሄዱ፣ ምስክር ወረቀቱን ከነመስታወቱ አወረዱ፣ አቧራውን በጋቢያቸው ጫፍ ጠርገው ሰጡኝ።

«ውሰደው፣ ያንተ ነው።»

ድርጅቱ ይህን ሲያነብ ፊርማዬን ይሰርዘው፤ አልከራከርም። በእኛ ሃይማኖት የበደለ ሰው ባለሐቁን «አፉ በለኝ»፣ ይቅር በለኝ፣ ይላል። ሐጂ አፉ ብለውኛል፣ አንተም ልትለኝ ትችላለህ። አላህ ያክብርልኝ፤ ሐቁ ግን የሐጂም ያንተም አይደለም። ባለሐቋ እዚያ በር ላይ ስትቧጭር እኔ ጩኮ እበላ ነበር።

ምስክር ወረቀቱን ቁም ሣጥኔ ውስጥ ከዚያ ሹራብ ስር አስቀምጬዋለሁ። የሹራቡ እጅጌ እሷ የለቀመችው ቦታ ላይ ሳስቷል። ሚስቴ ልጠግነው ባለች ቁጥር እከለክላታለሁ። ለምን እንደሆነ ዛሬ ታነባለች።