የጋሽ ደሴ ኮት

ባለፈው እሑድ ከቅዳሴ በኋላ የሰፈራችን ወጣቶች ቤቴ መጡ። ትምህርት ጨርሰው ሥራ ለሚፈልጉ ልጆች ኮትና ሱሪ እየሰበሰቡ ነው። "አባባ፣ ለፈተና ለብሰው የሚቀርቡት ያጡ አሉ፤ የማይለብሱት ካለዎት" አሉኝ። ሁለት ኮት ሰጠኋቸው። ከሄዱ በኋላ ግን ምሳ አልበላ አለኝ።

በጃንሆይ ጊዜ ነው። ደብረ ማርቆስ ስምንተኛ ክፍል ጨርሼ ሉማሜ አጠገብ ወዳለው መንደራችን ተመልሻለሁ። አንድ መሥሪያ ቤት በእጅ ጽሕፈት አወዳድሮ ጸሐፊ ሊቀጥር ነው ተባለ። ጽሕፈቴ የሚታማ አልነበረም፤ የሚታማው ልብሴ ነው። ቁምጣ የለበሰ ጸሐፊ ማን ይቀጥራል?

ይህን የሰሙ ጎረቤታችን እትዬ ጥሩወርቅ ጠርተው የባላቸውን ጥቁር ኮት ከሣጥን አውጥተው አለበሱኝ። ባላቸው ጋሽ ደሴ የወረዳ ጸሐፊ ነበሩ፤ በወሰን ጠብ ተገደሉ፣ ገዳዩም ታስሯል። "በላይህ ይለቅ፤ እንዳትመልስልኝ" አሉኝ።

በጥቅምት ብርድ፣ ጤዛው ሳይረግፍ፣ የገብስ ቆሎ በኪሴ ይዤ አውቶቡስ ለመያዝ ወረድኩ። ኮቱ ትከሻዬ ላይ ቢሰፋም አረማመዴ የሹም ነበር።

ወንዙን እንደተሻገርኩ የገዳዩ ወንድም ጥላዬ አገኘኝ። በእኛ አገር የሟች ልብስ ለቅሶ ላይ ወጥቶ ይለቀስበታል፤ ያን ኮት የማያውቅ አልነበረም። የተገደለን ሰው ልብስ ለብሶ መንገድ የወጣ ደግሞ ደም ሊመልስ ነው ይባላል። ተማሪ ቤት ያደግሁት እኔ ይህን ከየት አውቄ!

"የማን ኮት ነው?"

"የጋሽ ደሴ!" አልኩት ኮራ ብዬ።

ዱላው ሲመጣ ቀኝ እጄን አነሣሁ። አንጓዬ ሲሰበር ድምፁን ሰማሁት። ሁለተኛው ትከሻዬን አገኘው፤ ጭቃው ላይ ተዘረጋሁ። "ቀደምኩህ! ቀደምኩህ!" ይላል በላዬ ቆሞ። ከእኔ ይልቅ የፈራው እሱ ነበር። አናቴን ሊለኝ ሲያነሣ "በሕግ አምላክ!" ብዬ ጮኽኩ። ዱላው አየር ላይ ቀረ። ያን ጊዜ በዚህ ቃል የተያዘ ሰው፣ የፈለገውን ያህል ቢቆጣ፣ ይቆም ነበር። ኮቱ ለሥራ ፈተና የተሰጠኝ መሆኑን እያለቀስኩ ነገርኩት። ፊቱ ዐመድ መሰለ፤ ዞሮ ሸሸ።

በተሰበረ እጅ ፈተና የለም። ደሜን እያንጠባጠብኩ ተመልሼ እትዬ ጥሩወርቅ ቤት ገባሁ። ብቻቸውን ነበሩ።

"ጥላዬ ነው?"

"አዎ።"

ኮቱን ከላዬ ገፈው ምድጃ ውስጥ ከተቱት።

"ልጄ እንዳይለብሰው ብዬ ነው ለአንተ የሰጠሁህ። አላምረው ድምፁ መጎርነን ከጀመረ ወዲህ ሣጥኑን እየከፈተ ያየዋል። ይህን ከሰማ ነገ ይገድላል፣ ከነገ ወዲያ ይገደላል። ከአውቶቡስ ወደቅሁ በል፤ በማርያም!"

እግሬ ላይ ወደቁ፤ እናቴ የሚሆኑ ሴት። በዚያች ሰዓት የጥላዬን ራስ በድንጋይ ብፈጠፍጠው ደስታዬ ነበር። ግን ማልኩላቸው።

ወጌሻው እጄን አጣሞ ገጠመው፤ ጸሐፊነቱ ቀርቶ እህል ነጋዴ ሆንኩ። አልቆጨኝም ብል ውሸት ነው። አንድ እጅ ለሁለት ነፍስ ርካሽ ነው እያልኩ ራሴን አባብላለሁ። እትዬ ጥሩወርቅም ጥላዬም አፈር ሆነዋል፤ የጥላዬ ልጆች ግን አሉ። አላምረውም የልጅ ልጅ አይቶ አርጅቷል። ብርድ ሲሆን እጄን ሳሽ ያየኝና፣

"ያ አውቶቡስ ጎዳህ እኮ" ይለኛል።

"ጎዳኝ" እለዋለሁ።