ለካሴቱ የተቀመጠው ስንኝ

በደርግ ጊዜ አዲስ ዘፈን ካሴቱ ሱቅ ከመድረሱ በፊት ሬዲዮ ላይ ይለቀቅ ነበር፤ የሰው ጆሮ እንዲለምደውና ለዓመት በዓል ካሴቱን እንዲገዛ። ጣጣው ግን እኛ ሰፈር መካኒሳ ቴፕ ያለው ሁሉ ባዶ ካሴት ከትቶ፣ ጣቱን ቁልፉ ላይ አድርጎ የዘፈን ምርጫ ሰዓት መጠበቁ ነው። የቀዳው ለጎረቤቱ ይገለብጥለታል፣ ጎረቤትም ለዘመዱ። ሬዲዮው ቶሎ ካሰማው ካሴቱ ገዢ ያጣል፤ ካዘገየው ደግሞ በዓሉ ያልፋል።

ወንድሜ ለአዲስ ዓመት የሚወጣ ካሴት ነበረው፤ የመጀመሪያው። ሰው የማያምን ፍጥረት ነው። "ያልጠረጠረ ተመነጠረ" የዘወትር ጸሎቱ ነበረች። ወንፊት ልትዋስ የመጣችውን ጎረቤታችንን እንኳ "ቴፑን ለምን አየችው?" እያለ ሲብሰለሰል ያመሻል። ሴትዮዋ ከእናታችን ጋር ወተት ተሸክማ ከተማ ስትወጣ የኖረች፣ በእናታችን ቀብር ቀንም እኔን ደግፋ የያዘችኝ ናት።

የካሴቱ ዋና ዘፈን ለእናታችን የተዘፈነ ነው። ወንድሜ ገጠር ዘመቻ ላይ ሳለ ነው የሞተችው። መርዶው ዘግይቶ ደረሰውና ሲመጣ ተቀብራ አገኛት። የዘፈኑ ሁለት ስንኞች ሙያዋንና ደግነቷን ያወሳሉ። ሦስተኛው ግን የራሱ ነው፦

ቀብርሽ ላይ ሳልደርስ መጣሁኝ ከደጅሽ፣
ማሪኝ እናትዬ፣ ዘገየብሽ ልጅሽ።

እቤት ሲለማመደው ሰምቼ ጓሮ ወጥቼ አልቅሻለሁ። ያንን ይቅርታ ሀገር ሁሉ እንዲሰማለት ነበር የሚፈልገው።

ሳንሱር ሙሉውን አሳልፎለታል። ለሬዲዮ ከሚሄደው የቴፕ ክር ላይ ግን ወንድሜ ራሱ የስቱዲዮው ሰውዬ ሦስተኛውን ስንኝ በምላጭ እንዲቆርጥለት አደረገ።

"ጎደሎ ይሆንባቸዋል" አልኩት።

"ይሁንባቸው! የጎደለውን ፍለጋ ካሴቱን ይገዛሉ" አለኝ። ብልጠቱ ለራሱ ደስ ብሎት ነበር።

ዘፈኑ ሬዲዮ ላይ ሲመጣ ሁለተኛው ስንኝ እንዳለቀ ድርቅ ብሎ ቆመ። በማግስቱ ቦኖ ውሃ ወረፋ ላይ ሴቶቹ ዙሪያቸውን አይተው ይንሾካሾካሉ። "ቆርጠውበታል" አለች አንዷ። "ምን ቢል ነው?" አለች ሌላዋ። "እሱማ ይነገራል እንዴ!" አለች የመጀመሪያዋ። ሳምንት ሳይሞላ ሰፈሩ የተቆረጠውን ስንኝ በየራሱ ገጠመው። ያልሰማሁት ስድብ አልነበረም፤ ሁሉም በመንግሥት ላይ።

ቀጥሎ የቀበሌው ካድሬ ቤታችን መጣ። "ጓድ፣ የተቆረጠው ምን ይላል?" አለው ወንድሜን። ወንድሜ ላብ በላብ ሆኖ እዚያው በራፍ ላይ ዘፈነለት። ካድሬው አንገቱን ዘንበል አድርጎ ሰማና "ይኼ ብቻ?" አለ። ወጥቶ ሲሄድ ሁለት ጊዜ ዞሮ አየን። እስከ በዓሉ ድረስ በሩ ሲንኳኳ በስንጥቁ አጮልቄ ሳላይ አልከፍትም ነበር።

ካሴቱ ወጣ። ሳሪስ አንድ ሙዚቃ ቤት ገብቼ እንደ ገዢ ቆምኩ። አንድ ጎልማሳ ዘፈኑን እስከ መጨረሻ አስከፍቶ አዳመጠ። ሦስተኛው ስንኝ ሲያልቅ ባለሱቁን ጠቀሰውና "ይኼማ የተተካው ነው። እኔ እውነተኛውን ከሬዲዮ ቀድቻለሁ" ብሎ ወጣ። ከኋላው የነበረውም አልገዛም። ተናድጄ ልጮህ ምንም አልቀረኝ፤ ግን በዚያ ዘመን ሱቅ ውስጥ "ምንም አልተተካም" ብሎ የሚጮህን ሰው ማን ያምነዋል?

የአዲስ ዓመት ዕለት ያቺ ጎረቤታችን ምሳ ጠራችን። ወንድሜን ደስ ላሰኝ ብላ በልጇ ቴፕ ዘፈኑን ከፈተች፤ ከሬዲዮ የተቀዳውን ነበር። ሁለተኛው ስንኝ አልቆ ቴፑ ባዶውን ሲንሿሿ ወንድሜ አቀርቅሮ ሦስተኛውን በራሱ ድምፅ ቀጠለ። "ማሪኝ እናትዬ" ሲል ድምፁ ተሰበረ። እሷ እንባዋን በነጠላዋ ጠረገችና ወደ ጆሮዬ ጠጋ ብላ፣

"አይ ልጄን፣ በምትኩ የሰጡትን ነው አይደል የሚዘፍነው?" አለችኝ።