አባቴ ካውቦዩን ሲያስጠነቅቁት

ዛሬ ከሰዓት እዚህ እስራኤል፣ ሃይፋ ከተማ፣ ሲኒማ ቤት ውስጥ አባቴ ከወንበራቸው ብድግ ብለው በአማርኛ ጮኹ፦ «አንተ ልጅ! ከኋላህ ነው! ዙር!»

የጮኹት ፊልሙ ውስጥ ላለው ካውቦይ ነው። ሽፍታው ከጋጣው ጀርባ ሽጉጥ ደግኖበታል።

መሬት ተከፍታ ብትውጠኝ በወደድኩ። «ፊልም ምን ያደርግልኛል?» እያሉኝ፣ ነሸር ከምትባለው ከሚኖሩባት ከተማ ለምኜ ያመጣኋቸው እኔው ነኝ።

ከፊታችን የተቀመጡ አሮጊት ዞር ብለው በዕብራይስጥ «ምን አሉት?» ብለው ጠየቁኝ።

«ከኋላህ ነው፣ ዙር አሉት» አልኳቸው።

«ጎሽ! እኔም ልነግረው ፈልጌ አፍሬ ነው» አሉ። በዙሪያችን ያለው ሰው ሁሉ በሳቅ ፈነዳ።

ካውቦዩ ዞረና ተረፈ። አባቴ ቀስ ብለው ተቀመጡና በጆሮዬ «ሰማኝ» አሉኝ።

ቤሰደር፣ እሺ እንግዲህ፣ አስተያየቴን ልስጥ። ሰሞኑን የማያቸው የሳይንስ ፊክሽን ተከታታይ ድራማዎች ሥራቸው ያምራል። ግን ጨለማ ኮሪደር ውስጥ ሲንሾካሾኩ ይከርማሉ፤ አንድ ሙሉ ፕላኔት ሲፈነዳ እንኳ እኔ ስልኬን እየነካካሁ ነው። (ለነገሩ ሮቦቶቹ ከሰዎቹ ይሻላሉ።) ይኼ ካውቦይ ግን ታሪኩ ከመጀመሪያው የሚታወቅ ሆኖ ሳለ፣ ፊልም የማይወዱትን አባቴን ከወንበር አስነሣ።

እናንተስ ቤት ቴሌቪዥኑን የሚያናግር ማነው? ምን ብሎ ጮኸ? ጻፉልኝ፤ ለአባቴ አነብላቸዋለሁ።