አራቱ የቀስት ቁልፎች

ትናንት ላፕቶፔን የተዋሰኝ የሰፈራችን ልጅ፣ "ወንድም፣ የዚህ ኪቦርድ አራቱ ቀስቶች የት ሄዱ?" ብሎ ጠየቀኝ። "ወልቀዋል" አልኩት። ውሸት አይደለም፤ ግን ሙሉ መልስ አይደለም።

እናቴ እዚህ ድንበሩ ላይ፣ ሞያሌ፣ ማንያታ በሚባለው ሰፈር ውስጥ አንዲት የቆርቆሮ ክፍል ታከራይ ነበር። ወደ ደቡብ አፍሪካ የሚሄዱ ልጆች መኪና እስኪገኝ የሚቆዩባት ናት። ዮናታን ከሆሳዕና የመጣው በበጋው፣ ቀዩ አቧራ ሻይ ውስጥ ሳይቀር በሚገባበት ወቅት ነው። ላፕቶፕ የያዘ እሱ ብቻ ነበር። እኔ ፕሮግራም መጻፍን ከስልክ ላይ እያነበብኩ ብቻዬን ጀማምሬ ነበርና በእሱ ላፕቶፕ ያስተምረኝ ጀመር።

እሱ የሚጽፈው ቪም በሚባል፣ ማውስ በማይፈልግ ፕሮግራም ነው። ሁሉም ነገር በኪቦርድ ትእዛዝ ነው። ጄ የሚለውን ፊደል ተጭኖ አንድ መስመር ይወርዳል፣ ኬን ተጭኖ ይወጣል፤ ዲን ሁለቴ ሲነካ መስመሩ ይጠፋል፣ ዩን ሲነካ ይመለሳል። የእኔ ቀኝ እጅ ግን ሁልጊዜ ወደ ቀስቶቹ ይሸሻል።

አንድ ቀን ከሰዓት፣ "አንተ፣ እጅህ ሌባ ነው!" አለኝና የእናቴን የሽንኩርት ቢላ አምጥቶ አራቱንም ነቀላቸው።

"ምን ነካህ? ደህናውን ዕቃ!" አለች እናቴ ከበሩ ላይ።

"እማማ፣ ልጅዎን እያከምኩልዎት ነው።"

ሳቀች። ያን ሰሞን ብዙ አትስቅም ነበር።

መኪናው የተገኘ ጠዋት ሻይ ማንዳዚ በሚሉት ቦንቦሊኖ ይዘን ነበር። አሻጋሪው ደላላ "ሀራካ! ሀራካ! ቶሎ በሉ! ሻንጣ የለም!" እያለ በሩን ደበደበው። ዮናታን ላፕቶፑን ጭኔ ላይ አስቀመጠው።

"አትሂድ፤ ሰውን እንደ ዕቃ ነው የሚጭኑት" አልኩት።

"ጆሃንስበርግ ወንድሜ እየጠበቀኝ ነው። ቀስቶቹ ግን እኔ ጋ ናቸው" አለ የሱሪውን ኪስ መታ መታ እያደረገ። "ያለ እነሱ መሥራት ስትችል እልክልሃለሁ።"

ዝናቡ መጥቶ ሄደ፤ አልደወለም። በእኔ ስልክ ያነጋግራቸው ስለነበር እናቱ የሚደውሉት ለእኔ ነው። "ልጄ፣ ድምፁን ሰማህ?" ይሉኛል።

ከዚያ ጎረቤታችን ገልገሎ ከደቡብ ተመለሰ። የጭነት መኪና ረዳት ነው። መንገድ ላይ ከቆመ፣ በሩ ከውጭ ከተቆለፈ መኪና ውስጥ፣ አየር አጥሯቸው የሞቱ ልጆችን ካወረዱት ሰዎች አንዱ ነበር።

"መታወቂያ የላቸው፣ ስልክ የላቸው" አለ። "የአንዱ ኪስ ውስጥ ያገኘነው ምን እንደሆነ እንኳ አልገባንም። ትንንሽ ጥቁር ፕላስቲክ፣ ቀስት ያለበት።"

"ስንት?"

"አራት።"

እናቴ ኩባያውን መሬት ላይ አስቀመጠች። እኔ ደወልኩ። እናቱ ገና አፌን ሳልከፍት "አገኘኸው?" አሉኝ።

"አዎ" አልኩ። ቀጥሎ ያለውን እንድትነግራቸው ስልኩን ለእናቴ ሰጠኋት።

ዛሬ የምተዳደረው በዚያ በቪም እየጻፍኩ ነው። ላፕቶፑን የተዋሰኝ ልጅ ትናንት "አዲስ ቀስቶች ላፈላልግልህ?" ሲለኝ "ተወው" አልኩት። አንዳንዴ ሳላስበው ጣቴ ወደዚያ ይሄድና ባዶውን ላስቲክ ይነካል። ያኔ እጄን እሰበስብና፣ ዮናታን እንዳሳየኝ፣ ጄን ተጭኜ እወርዳለሁ።