የአቦይ ፍሥሐ ጥማት

ባለፈው እሑድ ከቅዳሴ ስንወጣ የልጅ ልጄ ሜሮን ከጓደኛዋ ጋር ስትከራከር ሰማኋት። ጓደኛዋ ኪቦርዱ ከቤተ ክርስቲያን ይውጣ፣ በከበሮ ብቻ እንዘምር ትላለች፤ ሜሮን ደግሞ ይቆይ ባይ ናት። የሁለቱም ፊት ቀልቷል። "አያቴ፣ አንተ ፍረድ" አሉኝ። ሳቅ ብዬ አለፍኳቸው። ስለ ኪቦርድ የማውቀው ነገር የለም። እንዲህ ያለው ክርክር ምን ሊያስከትል እንደሚችል ግን አውቃለሁ፤ በሃያ አራት ዓመቴ አሰብ ላይ ሚስቴን ሊያሳጣኝ ነበር።

አሰብ የወረድኩት የኤርትራና የኢትዮጵያ ፌዴሬሽን በታወጀ ሰሞን ነው። አዲስ አበባ ከካቶሊክ ሚሲዮን ትምህርት ቤት እንደወጣሁ በጉምሩክ ጸሐፊነት ተቀጠርኩና ከደሴ በጭነት መኪና ተጭኜ ሄድኩ። ባቲን ካለፍን በኋላ ሙቀቱ እየጨመረ፣ መንገዱ እየነጣ፣ እኔም ከላዬ ላይ አንድ በአንድ ልብስ እየቀነስኩ ባሕሩ ጋ ደረስን። ሰው እንዴት እዚህ ይኖራል አልኩ። በሁለተኛው ወር ግን ለምጄዋለሁ። ከጎረቤቱ የባሕር መንደር ከበይሉል የሚመጣውን ዓሣ፣ የመናውያን በሸክላ ምድጃ ከሚጋግሩት ትኩስ ዳቦ ጋር እየበላሁ ወፈርኩ ማለት ይቻላል።

የመሥሪያ ቤት ጓደኞቼ አብዛኞቹ ኦርቶዶክስ ነበሩ። እኛ ካቶሊኮቹ ጥቂት ነን፤ ጣሊያን ሲወጣ የቀሩ ጥቂት ቤተሰቦች፣ ከደጋው የመጡ ኤርትራውያን፣ ከአዲስ አበባ ደግሞ እንደኔ ያለ አንድ ሁለት ሰው። ቄሳችን ጺማቸው ደረታቸው ላይ የወረደ ጣሊያናዊ ነበሩ፤ ሁላችንም "ፓድሬ" እንላቸዋለን። ቅዳሴው በላቲን ነው። ከቅዳሴው በፊት ግን በግዕዝ ጸሎት የሚያስደግሙን አቦይ ፍሥሐ ነበሩ።

አቦይ ፍሥሐ ከኤርትራ ደጋ፣ ከሰገነይቲ የመጡ፣ ወደቡ ውስጥ በአናጢነት የሚሠሩ፣ ቀጭን፣ ቀጥ ያሉ ሽማግሌ ናቸው። አቦይ የምንላቸው በትግርኛው፣ እንደ አባት ስለምናያቸው ነው። አብረኸት የምትባል ሴት ልጅ ነበረቻቸው። እኔ ቅዳሴ ማርፈድ ያቆምኩት እርሷን ካየሁ ጀምሮ ነው። ሽማግሌ ላክሁ፤ ፈቀዱልኝ፤ ሠርጉ ለግንቦት መጨረሻ ተቆረጠ።

አንድ ነገር ግን ከገና ጀምሮ ሰውን ያነጋግር ነበር። አቦይ ፍሥሐ መቁረብ ትተዋል። ሰው ሁሉ ተነሥቶ ወደ መሠዊያው ሲሄድ እርሳቸው ከተንበረከኩበት አይነቃነቁም። "ምን ኃጢአት ቢይዛቸው ነው?" የሚሉ ነበሩ። ነገሩ ግን፣ አብረኸት እንደነገረችኝ፣ የኩላሊት ጠጠር ነው። ሐኪሙ በዚህ ሙቀት ውሃ ሳይጠጡ እንዳያድሩ፣ ጠዋትም ሳይጠጡ እንዳይወጡ አጥብቆ አዟቸዋል። ያን ጊዜ ደግሞ ቁርባን የሚቀበል ሰው ከእኩለ ሌሊት ጀምሮ እህል ቀርቶ ጠብታ ውሃ እንኳ መቅመስ አይፈቀድለትም። ሐሜቱን ሰምተዋል፤ ለማንም ግን ሕመማቸውን ተናግረው ራሳቸውን አልተከላከሉም።

ከፋሲካ በፊት ፓድሬ አዲስ ትእዛዝ ከሮም መምጣቱን አነበቡልን። ከዚህ በኋላ ውሃ ጾም አያፈርስም። እኛ ወጣቶቹ ደስ አለን፤ አሰብ ላይ ይህ ትንሽ ነገር አይደለም። ትልልቆቹ ግን በቤተ ክርስቲያኑ ግድግዳ ጥላ ሥር ቆመው አጉረመረሙ። "ዛሬ ውሃ፣ ነገ ሻይ፣ ከነገ ወዲያ ዳቦ" አሉ አንድ አዛውንት። አቦይ ፍሥሐ ወደ ቤታቸው ሄዱ። በተከታዩም እሑድ እንደተንበረከኩ ቀሩ።

እኔ ዝም ማለት ነበረብኝ። ግን የሚሲዮን ተማሪ ነኛ! አንድ እሑድ ቤታቸው ምሳ ተጋብዘን፣ ሽማግሌዎቼም ባሉበት፣ ነገሩን አነሣሁት። ከሕጉ ጀምሬ እስከ ሐኪሙ ድረስ አስረዳሁ።

"ሕጉ ተለውጧል፤ እኔ ግን አልተለወጥኩም" አሉኝ በቀስታ።

"እንግዲያው ከርዕሰ ሊቃነ ጳጳሳቱ እርስዎ ይበልጣሉ ማለት ነው?" አልኳቸው።

አቦይ ፍሥሐ የያዙትን ጉርሻ ወደ ትሪው መልሰው እጃቸውን ታጠቡና ወጡ። ሽማግሌዎቼ ባርኔጣቸውን ፈለጉ። አብረኸት በር ድረስ ሸኘችኝ፤ ፊቷ እንደዚያ ሆኖ አይቼው አላውቅም።

"አባቴን በሰው ፊት አዋረድከው" አለችኝ።

"እኔኮ ስለ ጤናቸው ብዬ ነው።"

"ለምን እንደማይጠጣ ግን ጠይቀኸዋል? እናቱ በልጅነቱ አዝላው ሦስት ሰዓት ተጉዛ ነበር የምታስቀድሰው። ወንዝ ትሻገራለች፣ እርሱን ታጠጣዋለች፣ እርሷ አትጠጣም። 'ለጌታ የምሰጠው ሌላ ምን አለኝ፣ ጥማቴን ልስጠው' ትለው ነበር። ይሄን ነው ጣለው የምትለው።" ከዚያ በሩን ዘጋችው።

ያን ሳምንት ሠርግ የለም ብዬ ነው የሰነበትኩት። የመርከብ ዕቃ ዝርዝር ስጽፍ አንዱን ስም ከሌላው እያምታታሁ አለቃዬን አስቸገርኩት። ቅዳሜ ከሥራ ስወጣ ግን እግሬ ወደ አናጢዎቹ ክፍል ወሰደኝ። አቦይ ፍሥሐ ሳንቃ እየላጉ ነበር። አጠገባቸው በእርጥብ ጆንያ የተጠቀለለ እንስራ አለ።

"ይቅርታ ልጠይቅዎት መጣሁ፤ ለክርክር አይደለም" አልኳቸው።

መላጊያውን አላቆሙም። "ክርክሩ ትክክል ነበር። እኔም ሐሙስ ፓድሬን ጠይቄያለሁ። መጠጣት ይፈቀዳል። ልጄ ስትዳር አብሬያት መቁረብ እፈልጋለሁ። ግን ባዶ እጄን የምሄድ ይመስለኛል።"

ያኔ ሳላስበው ከአፌ ወጣ። "ጥማቱን እኔ ልያዝልዎት። እርስዎ ይጠጡ፣ እኔ በአሮጌው ሕግ ልጹም።"

መላጊያው ቆመ። "አንተ? ውሃ ተፈቀደ ብለህ ቤቴን የበጠበጥከው?"

"እኔው።"

ሳቁ። ሲስቁ ሰምቼ አላውቅም ነበር፤ እስኪያስላቸው ሳቁ። "ሙሽራ ተጠምቶ! በግንቦት!" አሉ፤ ከዚያ ዓይናቸውን በክንዳቸው ጠረጉ። "እሺ። ያዝልኝ።"

የሠርጉ ዕለት አሰብ ምሕረት አልነበራትም። ነፋሱ እንደ ምድጃ አፍ ነው። አቦይ ፍሥሐ ከቤት ሳይወጡ አማትበው አንድ ብርጭቆ ውሃ ጠጡ። እኔ ሱፍ ለብሼ፣ ክራቫት አስሬ ቆሜ አያቸዋለሁ። ፓድሬ ደግሞ ያን ቀን ስብከት አማራቸው። ምላሴ ከላንቃዬ ጋር ተጣበቀ። "ፈቃደኛ ነህ ወይ?" ብለው ሲጠይቁኝ ድምፅ አልወጣ አለኝ። አብረኸት ዞር ብላ አየችኝ፤ ስለ ስምምነታችን የምታውቀው ነገር አልነበረም። በሦስተኛው ሙከራ "አዎን" የምትል የእንቁራሪት ድምፅ ወጣች፤ ከኋላ ሰው ሳቀ።

በቁርባን ጊዜ አቦይ ፍሥሐ ከተንበረከኩበት ተነሡ። ቤተ ክርስቲያኑ ሁሉ ያያቸዋል። ቀጥ ብለው ሄደው ከልጃቸው ጎን ተንበርክከው ተቀበሉ። አብረኸት አለቀሰች፤ እኔ እንባም አልነበረኝም።

ደጅ ስንወጣ እንስራውን ራሳቸው ይዘው ጠበቁኝ። "ጠጣ፤ የእኔንም ጠጣ" አሉኝ። አራት ብርጭቆ ጠጣሁ። እንደዚያ የጣመኝ ነገር ከዚያም በፊት፣ ከዚያም በኋላ የለም።

ከዚያ በኋላ ዓመታት አብረን ኖርን። ቄስ ፊቱን ወደ ሕዝቡ አዙሮ እንዲቀድስ ሌላ ትእዛዝ መጥቶ መሠዊያው ሲዞር፣ የእንጨት ሥራው ለእርሳቸው ተሰጠ። ጤናቸው ደክሞ ነበር፤ ግን ለሌላ አናጢ አሳልፈው አልሰጡም። "አያሳዝንዎትም?" አልኳቸው።

"ያሳዝነኛል እንጂ። መለወጡ ካልቀረ ግን የሚያዝንለት ሰው ይለውጠው" አሉኝ።

ዛሬ እኔ እርሳቸው ከደረሱበት ዕድሜ አልፌያለሁ። ብዙ ነገር ሲለወጥ አይቼ ግማሹን ደግፌያለሁ፣ ግማሹን ተቃውሜያለሁ፤ አብረኸት ስንቱን እንደተሳሳትኩ ታውቃለች፣ ትነግረኛለችም። አንድ ነገር ግን ለምጃለሁ። ሰው አንድን አሮጌ ነገር ሙጭጭ ብሎ ሲይዝ ሳይ፣ ከመከራከሬ በፊት ከማን እንደተቀበለው እጠይቀዋለሁ። አብዛኛውን ጊዜ የእናቱን ስም ይነግረኛል።