በአጎቴ ወገብ ላይ ያሰርኩት ደወል

አጎቴ ባለፈው ክረምት ከአሶሳ ገበያ ሲመለስ ከፈረሱ ወደቀ። የትከሻው አጥንት ተሰብሮ፣ ሰው እስኪያገኘው ሜዳ ላይ ተኝቶ ቆየ። ከዚያ ወዲህ ሚስቱ «ፈረሱ ይሸጥ» ብላ ያዘች። አጎቴ ግን ከወሎ በሰፈራ ከመጣ ጀምሮ በእግሩ ገበያ ሄዶ አያውቅም። «ሲወድቅ የሚጮህ ነገር እሠራለታለሁ» ብዬ ያስማማኋት እኔ ነኝ።

ሙያውን ያስተማረኝ የለም፤ የተበላሸ ሬዲዮ ስፈታ ነው የለመድኩት። ስሪንጅ ውስጥ ማግኔት ከትቼ፣ ከተቃጠለ ቬንትሌተር ያወጣሁትን ቀጭን የመዳብ ሽቦ ጠመጠምኩበት። ፈረሱ በሶምሶማ ሲሄድ ማግኔቱ ይመላለሳል፤ ከዚያ የሚገኘው ኤሌክትሪክ ይጠራቀማል። ባትሪ አይፈልግም። ንዝረቱ ሲቆም የተጠራቀመው ኃይል ደወሉን ያስጮኸዋል፤ ቤት ደርሶ ሲወርድ ግን እኔ አጠፋለታለሁ። አንድ ዙር ሽቦ ተደራርቦ ባየሁ ቁጥር ሁሉንም ፈትቼ እንደገና እጠመጥም ነበር። ቀበቶ ላይ ሰፋሁት። ልጓም ሲስብ ክርኑ እንዳይነካው ማጥፊያውን ከጀርባ በኩል አደረግኩት። ግቢያችን ውስጥ ደጋግሜ ሞከርኩት፤ አልሳተም።

ቅዳሜ መንደራችን ውስጥ ለቅሶ ነበር። እኔ ከሰፈር ልጆች ጋር ድንኳን ስተክል አጎቴ ለመልስ መንገዱ ቀበቶውን ታጥቆ ከገበያ ደረሰ። በለቅሶ ቤት ደጅ በፈረስ አይታለፍም። ይህን ከልጅነቴ አውቃለሁ፤ ስሠራው ግን ትዝ አላለኝም። ወረደ፤ ጋቢውን አጥብቆ ተከናነበና አንገቱን ደፍቶ ከሽማግሌዎቹ ጎን ቆመ።

ደወሉ ከጋቢው ሥር ጮኸ።

አጎቴ እጁን ወደ ኋላ ሰደደ፤ የተሰበረው ትከሻው አላደርስ አለው። ሙሾው ተቋረጠ። አንዱ ጎረምሳ፣ «ጋሼ፣ ያንሱት እንጂ! ሟቹ ይሆናል የደወለው» አለ። ሴቶቹ ሳይቀሩ ሳቃቸውን ለመደበቅ ነጠላቸውን ወደ አፋቸው ወሰዱ። በሰው መሃል ተሽሎክልኬ፣ እጄን በአጎቴ ጋቢ ውስጥ ከትቼ አጠፋሁት። ጆሮው ቀልቶ ነበር።

ቤት ስንደርስ ወሬው ቀድሞናል። ሚስቱ በር ላይ ቆማ ጠበቀችን።

«ይስተካከላል እትዬ» አልኩ። «ማጥፊያውን ወደ ፊት አዞረዋለሁ።»

«እሱን ተወው። አምና የወደቀበት ሜዳ ላይ ቢጮህ ማን ይሰማዋል? ዛሬ የተሰማው ሰው መሃል ስለቆመ ነው።»

ስሞክረው ሁሌም እሷ ማድ ቤት፣ እኔ ግቢ ውስጥ ነበርን። ድምፁ ከአጥሩ ወዲያ የት ድረስ እንደሚሄድ አንድ ቀን እንኳ ወጥቼ አላዳመጥኩም። ሽቦ ስቆጥር ሜዳውን ረሳሁት።

አጎቴ ኮርቻውን መፍታቱን አቁሞ ወደ እኔ ዞረ። መልስ እንድሰጥለት እየጠበቀ መሆኑ ገባኝ። አንገቴን ደፋሁ።

በሚቀጥለው ገበያ ፈረሱን ያለ ኮርቻ እየሳበ ከቤት ወጣ። እስከ አሶሳ ድረስ በእግሩ ሄደ።